የተሳሳተው ባነር ዘንድሮም እንዳይሰቀል፦ ለአርበኞች የድል በዓል ዐቢይ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአርበኞች የድል በዓል አከባበር ዐቢይ ኮሚቴ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለትምህርት ቤቶች የሚላከው የበዓል ጽሑፍ ሳይታረም እንዳይታተም፣ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ዐውደ ርእይ እንዳያዘጋጁ የተላለፈው ውሳኔም እንዲነሣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

የሚያዝያ 27ን በዓል አስመልክቶ የጻፋችሁት ደብዳቤ በየትምህርት ቤቱ ደርሶናል። የሚያዝዘው ሦስት ነገር ነው፤ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን የግድግዳ ጽሑፍና ፎቶ እንዳይሰቅሉ፣ ከኮሚቴው የሚላከውን ባነር ብቻ እንዲጠቀሙ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት 40 ተማሪ ይዞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አደባባዩ እንዲገኝ። ምክንያቱ «ወጥነት እንዲኖረው» ነው ተብሏል። ወጥነትን አንጠላም። ነገር ግን በወጥነት የሚሰቀለው ባነር ያለፈው ዓመቱ ራሱ ከሆነ፣ ደብዳቤውም «ለውጥ ሳይደረግበት» ስለሚል፣ ስሕተቱ በሁሉም ግቢ ወጥ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ባነሩን ከአናቱ ጀምረን እናንብበው።

አናቱ ላይ በትልቁ «76ኛው» ይላል። ከ2017 ላይ 1941 ሲቀነስ በእርግጥ 76 ይመጣል፤ የተቀነሰው ግን የፈረንጅ ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለሆነ 2017 ላይ 84ኛው ነበር፣ 2018 ላይ 85ኛው ይሆናል። ስምንት ዓመት በአንድ መስመር ጠፍቷል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በጣቱ ቆጥሮ ሲያርመው መምህሩ ምን ይበል?

ሁለተኛው መስመር «ፋሽስት ጣሊያን በ1927 ዓ.ም. ሀገራችንን ወረረ» ይላል። ይህ ስሕተት ከየት እንደመጣ እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ በተማሪ የፈተና ወረቀት ላይም የምናየው ነው። ጸሐፊው ከእንግሊዝኛ ምንጭ 1935ን አገኘና ስምንት ቀነሰ። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ግን ዓመቱን ሙሉ ስምንት አይደለም። ከመስከረም አንስቶ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም፣ ልዩነቱ ሰባት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ይሆናል። ወረራው የተጀመረው መስከረም 22 ቀን ስለነበር ዓመቱ 1928 ነው። በ1927 የሆነው የወልወል የድንበር ግጭት ነው፣ እሱም በኅዳር ወር። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን፣ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ አዲስ አበባ መግባት ሚያዝያ 27 ቀን ሲሆኑ ሁለቱም በዚያው በ1928 ዓ.ም. ናቸው፤ ፈረንጆቹ ግን ወረራውን በ1935፣ እነዚህን ደግሞ በ1936 ይጽፏቸዋል። በአንድ የእኛ ዓመት ውስጥ ያለቀውን ነገር በሁለት ዓመት የሚከፍለው ባነር የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

እግረ መንገዱን፣ ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ መምጣቱን ባነሩ አንድ ቃል አላነሳም። ጠላት ዋና ከተማችንን የያዘበት ቀንና ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡበት ቀን አንድ ሲሆን በመካከላቸው ልክ አምስት ዓመት አለ። ቀኑ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። ተማሪ ይህን አንዴ ከሰማ የበዓሉን ቀን ዳግመኛ አይረሳውም፤ ለማስተማር ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ሦስተኛውና ትልቁ ስሕተት «በዚህ ዕለት የመጨረሻው የጠላት ወታደር ከኢትዮጵያ ምድር ወጣ» የሚለው ነው። አልወጣም። በዚያ ዕለት የጣሊያኑ እንደራሴ ዱክ ዳኦስታ ሠራዊቱን ይዞ አምባ አላጌ ላይ ነበር፤ እጁን የሰጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በግንቦት ነው። ጅማ ገና በጠላት እጅ ነበረች። በጎንደር የነበረው የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ የተማረከው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፣ ከበዓሉ ቀን ከስድስት ወር በኋላ። የጎንደርን ከበባ ያነበበ ወይም ከአያቱ የሰማ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አለ፤ ባነሩ ያንን ልጅ ውሸታም ያደርገዋል።

ሌላም አለ። ተማሪዎች «አዲስ አበባ ነጻ የወጣችው መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሁለት መልስ ይሰማሉ። የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከተማዋን የያዘው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ጥር 12 ቀን ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው፣ በጎጃም አቋርጠው የመጡ ናቸው። እንግሊዞቹ ግን በከተማዋ የነበሩት ጣሊያኖች ላይ በቀል እንዳይፈጸም እንሰጋለን እያሉ መግቢያቸውን አዘገዩ። ከአንድ ወር በኋላ በእንጦጦ በኩል ሲወርዱ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰልፈው ተቀበሏቸው። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ማዞሩና ከ1983 በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 መመለሱም ከዚሁ የመጣ ነው። በዘመነ ደርግ የተማረ ወላጅ «በዓሉ መጋቢት ላይ ነበር» ቢል አልተሳሳተም። ለዚህ ሁሉ አራት መስመር ይበቃል፤ ባነሩ ላይ ያ ቦታ ለኮሚቴው አርማ ተሰጥቷል።

ከዚህ ጋር የተያያዘውን «ነጻ ያወጣን እንግሊዝ ነው ወይስ አርበኛው?» የሚለውን ጥያቄ ባነሩ ዝም ብሎ አልፎታል። ዝም ማለት ግን አያዋጣም፤ ተማሪው ከስልኩ ላይ ግማሹን ያገኘዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን በየምሽጉ ያሰረው፣ መንገድ የቆረጠው፣ ከከተማና ከአውራ መንገድ ውጭ እንዳይረግጥ ያደረገው አርበኛው ነው። በ1933 ደግሞ ከህንድ፣ ከሱዳን፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናይጄሪያና ከኬንያ የተመለመሉ ወታደሮች በእንግሊዝ አዝማችነት በከረንና በደቡብ ተዋግተዋል። ሁለቱንም መጻፍ የአርበኛውን ክብር አይቀንስም።

ቃል ላይም እንጠንቀቅ። ባነሩ በአንድ ቦታ «ከቅኝ ግዛት ነጻ የወጣንበት» ይላል። ያን ሳምንት በክፍል ውስጥ የምንጠየቀው ስለ አርበኞች አልነበረም፤ «ታዲያ ቅኝ ተገዝተናል?» የሚል ብቻ ነበር። ይህ ሕዝብ ዘመኑን ሲጠራ የኖረው «የጠላት ወረራ» ወይም በአጭሩ «አምስቱ ዓመት» እያለ ነው፣ በዓሉንም የድል በዓል ይለዋል። እሱኑ ቃል መጠቀም ነው።

ወደ ፎቶዎቹ እንምጣ። ባነሩ ላይ ካሉት አራት ምስሎች አንዱ የአድዋ ሥዕል ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ይታያል። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ ከወረራው 40 ዓመት በፊት። ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም። ምስሉ በእጅ የተሣለ ከሆነ፣ ጣሊያኖቹም ክብ ነጭ ቆብ ካደረጉ፣ አድዋ ነው ብሎ መጠርጠር ነው። አውሮፕላን፣ የጭነት መኪና ወይም ታንክ ካለበት አድዋ ሊሆን አይችልም። ካኪ ለብሶ፣ ጫማ ሳያደርግ፣ በረድፍ የቆመ ወታደር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የ1928ቱ የክብር ዘበኛ ወይም መደበኛ ጦር ነው። አርበኛው ጎፈሬ ያለው፣ ጥይት የታጠቀ፣ የደንብ ልብስ የሌለው ነው፤ እንዲህ ያሉት ፎቶዎች አብዛኞቹ የተነሡት ከድል በኋላ አርበኞች ወደ ከተማ ሲገቡ ነው። ከምስሉ ሥር ቦታና ዓመት ካልተጻፈ ምስሉን መተው ይሻላል።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። «የካቲት 12 ቀን 30,000 ሰው ተጨፈጨፈ» የሚለው መስመር ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ጭፍጨፋው አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጊዜው የጣሊያን እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩበት ሰዓት ጀምሮ ለሦስት ቀን የቀጠለ ነው፣ የአንድ ቀን አይደለም። 30,000 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር ነው፤ ዝቅ ያለ ግምት የሚሰጡ ተመራማሪዎችም አሉ። «የኢትዮጵያ መንግሥት እንዳስታወቀው» የሚሉ ሦስት ቃላት መጨመር መስመሩን ከክርክር ያድነዋል።

አሁን ስለ ስሞች። በየዓመቱ የሚነበቡት ሦስት ወይም አራት ናቸው። በላይ ዘለቀ አለ፤ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መገደሉ ግን አይነገርም፣ ተማሪው ከሌላ ቦታ ሲሰማው ደብቀውናል ይላል። ሸዋረገድ ገድሌ አልፎ አልፎ ትጠቀሳለች፣ ሁልጊዜ «ሴት አርበኞችም ነበሩ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ። ተይዛ ጣሊያን ሀገር አዚናራ ደሴት ታስራ እንደነበር፣ ተመልሳም የአዲስ ዓለም ምሽግ እንዲሰበር ማድረጓን ለመናገር አንድ አንቀጽ ይበቃል። ገረሱ ዱኪ በወሊሶ በኩል፣ ጃገማ ኬሎ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በደንዲና በጊንጪ፣ ኃይለ ማርያም ማሞ በደብረ ብርሃን በኩል የሠሩት ሥራ ባነሩ ላይ የለም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአደባባይ መረሸናቸው አለ፤ በግንቦት 1929 በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት መፈጀታቸው ግን የለም። ከሁሉ የሚያስቆጨው፣ የራሳችን ወረዳ አርበኞች ስም አንድም አለመኖሩ ነው። ትምህርት ቤቶች በራሳቸው የግድግዳ ጽሑፍ ሲሞሉት የነበረው ይህን ክፍተት ነው፤ ደብዳቤያችሁ የከለከለውም እሱኑ ነው።

«ባንዳ» የሚለውን ቃል በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፤ ባንዳ ነበር፣ በታሪክ ትምህርትም ይነገራል። ባለፈው ዓመት በበዓሉ ድራማ ላይ ግን የአካባቢ ስም ተጠርቶ ተሰድቧል። የዚያ አካባቢ ልጆች ሰልፉ ላይ ቆመው ነበር። ከአንድ ቤት አንዱ ወንድም አርበኛ፣ ሌላው ለጣሊያን ያደረ የነበረባቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም፤ መጀመሪያ ባንዳ ሆኖ በኋላ መሣሪያውን ይዞ ወደ አርበኛ የገባም ብዙ ነው። ድራማው ምን ተደረገ የሚለውን ያሳይ፣ የማን ዘር አደረገው የሚለውን ይተው።

የባነሩ አሠራር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። 1 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ አንድ ባነር ላይ ከ600 በላይ ቃል ተጨናንቋል። ተማሪ በሰልፍ እያለፈ አንድ ባነር ፊት የሚቆመው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዚያ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ቃል ያነባል። ከ3 ሜትር ርቀት እንዲነበብ ፊደሉ ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፤ የእኛ ፊደል ቅጥያዎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ ከዚያ ካነሰ «ሉ» ከ«ሊ» አይለይም። ጽሑፉ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መደብ ላይ በነጭ ፊደል ተጽፏል፤ ቢጫው ላይ ያረፈው ሦስት መስመር ፀሐይ ሲወጣ ፈጽሞ አይታይም፣ ከላይ የጠቀስነው የየካቲት 12 መስመር አንዱ ነው። በሁለት ቦታ ደግሞ በፊደል ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን ወጥቷል። ይህ የሚሆነው ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ሳይኖር ሲቀር ነው፤ «ቋ»ን እና «ኰ»ን የመሰሉ ፊደላት ቀድመው ይጠፋሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፋይሉን በፒዲኤፍ መላክ፣ በኤ አራት ወረቀት ፕሩፍ አስወጥቶ አንብቦ መፈረም። ያለፈው ዓመት ባነር የደረሰን ሚያዝያ 26 ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ስሕተቱን ብናይም ከመስቀል ውጭ ምርጫ አልነበረንም።

ስለ ሰዓቱ አጭር ነገር እንበል። ንጉሠ ነገሥቱ ያለፉበትን መንገድ አስቦ ማልዶ መነሣት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለ ውኃ የቆመ የ13 ዓመት ልጅ ንግግሩ ሲጀመር የሚያስበው ስለ ቁርሱ ነው። ሞንታርቦዎቹ ሁለቱም መድረኩ ግራና ቀኝ ተተክለው ነበር፤ ተማሪው የቆመው ከኋላ ስለሆነ የሚሰማው ጩኸት እንጂ ቃል አልነበረም። አንዱን ሞንታርቦ ወደ ሰልፉ ወገብ ማምጣት ገመድ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ጊዜ የማይሰጠው ጉዳይ ሌላ ነው። በ1933 ዓ.ም. 15 ዓመት የነበረው ልጅ በ2018 ዓ.ም. 100 ዓመት ይሞላዋል። ጠመንጃ ይዞ የተዋጋ ሰው ከእንግዲህ ብዙ አናገኝም። ያኔ ስምንትና አሥር ዓመት የነበሩ፣ ዋሻ ውስጥ የተደበቁ፣ ስንቅ ያመላለሱ፣ የአውሮፕላን ድምፅ የሰሙ አዛውንቶችና እናቶች ግን በየቀበሌው አሉ። በዓሉ ላይ ጋቢ ደርቦ ከፊት ወንበር ማስቀመጥ ብቻውን አክብሮት አይሆንም፤ የሚያውቁት ሊቀዳ ይገባል። የታሪክ ክበቦች ይህን በስልክ መሥራት ይችላሉ። ስልኩን በእጅ አለመያዝ፣ ከአፋቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ መጀመሪያ ስማቸውን፣ የትውልድ ቦታቸውንና የዕለቱን ቀን ማስነገር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አለማድከም። «ስንት ጠላት ተገደለ?» ብሎ መጀመር ፉከራ ያመጣል፤ «አብሮዎት ማን ነበር? ምን ትበሉ ነበር?» ሲባሉ ግን ስምና ቦታ ይመጣል። ዓመቱን ባያስታውሱ እንኳ የበዓል ቀን ያስታውሳሉ። «የሚካኤል ለት» ካሉ 12 ነው፣ «የመድኃኔ ዓለም ለት» ካሉ 27፤ የካቲት 12ም ሚያዝያ 27ም በዚህ መንገድ በብዙ ሰው አእምሮ ተቀምጠዋል። ሙስሊም አባቶች ደግሞ ከረመዳን ወይም ከአረፋ በፊትና በኋላ ብለው ያስቆጥራሉ። ከዚያ ክረምት ነበር ወይስ በጋ፣ እህሉ ታጭዶ ነበር ወይስ ገና ቡቃያ ብሎ ማጠጋጋት ይቻላል።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ያለፈው ዓመት ባነር እንዳይታተም ይታገድ። የታተመ ካለም አይላክልን፤ በማዳበሪያ ጀርባ የተጻፈ ትክክለኛ ጽሑፍ ይሻለናል።

የሚታተመው ጽሑፍ እስከ መጋቢት 15 ድረስ ይድረሰን። ከዚያ እስከ በዓሉ ልክ ስድስት ሳምንት አለ። አንድ የታሪክ መምህርና አንድ የአማርኛ መምህር አንብበው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈርሙ፤ ስሕተት ከተገኘ ተጠያቂው ይታወቃል፣ እኛም ለመፈረም ዝግጁ ነን፣ ክፍያ አንጠይቅም። በአንድ የተጨናነቀ ባነር ፈንታ አራት ይሁኑ፤ አንዱ ለወረራው፣ አንዱ ለአምስቱ ዓመት ተጋድሎ፣ አንዱ ለ1933፣ አራተኛው ባዶ ሆኖ ትምህርት ቤቱ የአካባቢውን አርበኞች የሚጽፍበት።

ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ዐውደ ርእይ እንዳያዘጋጁ የሚለው ክልከላ ይነሣ። ስጋቱ የተሳሳተ ነገር ይሰቀላል የሚል ከሆነ፣ ያው የፊርማ አሠራር ለእኛም ይሁን።

ተማሪዎች የሚገኙበት ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይገፋ፣ ውኃም ይዘጋጅ።

የአዛውንቶቹን ቃል የምንቀዳበት የትብብር ደብዳቤ ለየቀበሌው ይጻፍልን። ቅጂዎቹ በአንድ ሰው ስልክ ላይ እንዳይቀሩ ኮሚቴው አንድ ሃርድ ዲስክ ይመድብ፤ አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ይህን ግን ለመጋቢት አታቆዩብን፤ ፈቃዱ በዚህ ወር ቢደርሰን የመጀመሪያውን ቤት በሚቀጥለው ቅዳሜ እናንኳኳለን።

ከሰላምታ ጋር

የታሪክ መምህራንና የትምህርት ቤት ታሪክ ክበባት አስተባባሪዎች

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ ርእሳነ መምህራን
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ባነሩን ላተመው ማተሚያ ቤት